ስፋቱን ተወውና ውፍረቱን ንገረኝ፦ በባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅን ከአየር መከታተል

ነዳጅ ባሕር ላይ ሲፈስ ከአውሮፕላን የሚመጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ሁልጊዜ ስፋት ነው። «24 ካሬ ኪሎ ሜትር ተሸፍኗል» ይላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ዜናውም ይሮጣል። የሽፋኑ ውፍረት 0.04 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ብቻ ከሆነ ግን በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ያለው ነዳጅ 960 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት አይሞላም። ያው 24 ካሬ ኪሎ ሜትር 200 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ካለው ደግሞ 4.8 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ስፋቱ አንድ ሆኖ መጠኑ 5,000 እጥፍ ይለያያል።

ስሌቱ በቃል የሚያዝ ነው፦ 1 ማይክሮ ሜትር ውፍረት በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲዘረጋ 1,000 ሊትር ይሆናል። አውሮፕላኑ ላይ የሚጫነው መሣሪያ ሁሉ በመጨረሻ የሚያገለግለው ይህችን አንዲት ቁጥር፣ ውፍረቱን፣ ለማግኘት ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ፍለጋው የሚጀመረው ነዳጁን ጨርሶ በማያይ መሣሪያ መሆኑ ነው።

ራዳሩ የሚያየው ምንድን ነው?

በርቀት የሚፈልገው የጎን ራዳር ነው። ጥቂት ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ አንቴና በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ይታሰራል። የሚሠራው ኤክስ ባንድ በሚባለው ክልል፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት ነው። ከጥቂት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሆኖ በእያንዳንዱ ጎን 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቃኛል። ሌሊትም ሆነ ደመና ሥራውን አያስቆሙትም።

ነፋስ የባሕሩን ገጽ ሲዳስሰው ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ደቃቅ ሞገዶች ይነሣሉ። የራዳሩ ጨረር ከእነዚህ ሞገዶች ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ንጹሕ ባሕር በስክሪኑ ላይ ብሩህ ሆኖ ይታያል። በውሃው ላይ የቅባት ሽፋን ሲኖር ሞገዶቹ ይረግባሉ፣ ጨረሩም እንደ መስተዋት ላይ እንዳረፈ ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ አንቴናው የሚመለስ ስለሌለ ቦታው ጥቁር ይሆናል። በስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁር ነገር እንግዲህ የሞገድ አለመኖር ነው፤ ነዳጅ ለሞገድ አለመኖር አንዱ ምክንያት ብቻ ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ነፋስ የረገበበት ቦታ፣ ከተራራማ ዳርቻ ጀርባ ያለ የነፋስ ጥላ፣ አልጌ፣ የባሕር አረም፣ ከዓሣና ከጥቃቅን ሕይወት የሚወጣ ተፈጥሯዊ ቅባት፣ የዝናብ ካፊያ የመታው ገጽ፣ ቀጭን በረዶ፣ መርከብ ጥሎት የሚሄደው የተረጋጋ ዱካ፤ ሁሉም ጥቁር ናቸው። መርከብ ታንኩን አጥቦ የደፋው የምግብ ዘይትም ሞገዱን ያረግባል፤ ራዳሩ ከድፍድፍ ነዳጅ አይለየውም።

ነፋሱ ራሱ ከሁለት ወገን ገደብ ያበጅለታል። ከ2 ሜትር በሰከንድ በታች ሲሆን በመጀመሪያም የሚረግብ ሞገድ ስለሌለ ባሕሩ ሁሉ ይጠቁራል። ከ10 ወይም ከ12 ሜትር በሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ ሞገዱ ይሰበራል፣ ነዳጁም ወደ ታች ይቀላቀላል፤ ከላይ የቀረውንም የባሕሩ ሁከት ይውጠዋል። በሁለቱም ጊዜ «ምንም አልታየም» የሚል ሪፖርት ዋጋ የለውም። የነፋሱ ፍጥነት አብሮ ያልተጻፈበት የራዳር ሪፖርት እንደ ግማሽ ሪፖርት መቆጠር አለበት።

ሦስት ነገሮች በተደጋጋሚ ያስታሉ። አንደኛው፣ አውሮፕላኑ ሲዞር ጎኑ ስለሚያዘነብል ምስሉ ይጣመማል፤ ቀጥታና አግድም በረራ ላይ ያልተወሰደ ምስል መለኪያ አይሆንም። ሁለተኛው፣ ራዳሩ ጎን ለጎን ስለሚያይ ከአውሮፕላኑ በቀጥታ ሥር ያለውን አያይም፤ ያ ሰቅ በሌላ ሴንሰር ካልተሸፈነ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛውና ዋናው ውፍረቱ ነው። 1 ማይክሮ ሜትር ሽፋንም 1 ሚሊ ሜትር ሽፋንም ለጎን ራዳሩ እኩል ጥቁር ናቸው። ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ ሁኔታ አለ፦ በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን በተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ አደጋ ጊዜ ናሳ ዩኤቪሳር የተባለውን፣ ከኤክስ ባንድ በረዘመ ሞገድ (በኤል ባንድ) የሚሠራ ራዳር አብርሮ ነበር፤ የውስጥ ጫጫታው በጣም ዝቅተኛ የሆነ እንዲህ ያለ ራዳር ወፍራም የነዳጅና የውሃ ቅልቅልን ከስሱ ሽፋን የመለየት አቅም እንዳለው ከዚያ የተገኘው መረጃ አሳይቷል። በመደበኛ ቅኝት አውሮፕላኖች ላይ ያለው የጎን ራዳር ግን እንዲያ ያለ አይደለም።

ቀርቦ ማየት

ጥቁሩ ነገር ከተገኘ በኋላ አውሮፕላኑ ወደ 1,000 ወይም 1,500 ጫማ ወርዶ በላዩ ያልፋል። እዚህ ላይ ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፦ ኢንፍራሬድ እና አልትራቫዮሌት።

ኢንፍራሬዱ ከ8 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ባለው ክልል ሙቀት ያያል። በቀን ወፍራም ነዳጅ የፀሐይን ሙቀት ስለሚመጥ ከውሃው ሞቆ ይታያል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ደግሞ ቀዝቅዞ ይታያል፤ የነዳጅ ሙቀትን የማመንጨት አቅም ከውሃ ትንሽ ያንሳልና። ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ የሚዞርበት ውፍረት ከ50 እስከ 150 ማይክሮ ሜትር ባለው መካከል ነው። በጣም ስሱ ሽፋን ጭራሽ አይታይም። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፦ ወፍራሙ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ከውሃው ጠቁሮ ይታያል። በሁለቱ መካከል፣ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ፣ ልዩነቱ የሚጠፋበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት የተወሰደ ባዶ የኢንፍራሬድ ምስል ባሕሩ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም።

ሌላው ወጥመድ ቅልቅሉ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ላይ ሲናጥ ውሃ እየጠጣ ወደ ቡናማ፣ ወፍራም ሊጥ መሰል ነገር ይለወጣል። ከይዘቱ 70 በመቶ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህን ያህል ውሃ የያዘ ነገር የሙቀት ጠባዩም እንደ ውሃ ስለሚሆን በኢንፍራሬድ ላይ ደብዝዞ ሊታይ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ለጽዳት ሠራተኞች ከሁሉ የከፋው ክፍል ለሙቀት ካሜራው ከሁሉ የደበዘዘው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አልትራቫዮሌቱ ተቃራኒው ነው። ነዳጅ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ከውሃ ይበልጥ ስለሚያንጸባርቅ ከ0.1 ማይክሮ ሜትር በታች የሆነ ሽፋን እንኳ ብሩህ ሆኖ ይታያል። ውፍረትን ግን አይለይም፣ ሌሊትም አይሠራም፣ በፀሐይ ነጸብራቅም ይታለላል። ሁለቱ ምስሎች ሲደራረቡ ነው ጥቅሙ የሚወጣው፦ አልትራቫዮሌቱ የሽፋኑን ዳር ድንበር ያሰምራል፣ ኢንፍራሬዱ በዚያ ውስጥ ወፍራሙ የት እንዳለ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ትልቅ ነጭ ሥዕል ውስጥ አንዲት ጠባብ የሞቀች ሰንበር ትገኛለች፤ የጽዳት መርከብ መላክ ያለበት ወደዚያች ሰንበር ነው። በሥራው ዓለም «ከነዳጁ 90 በመቶው ከስፋቱ 10 በመቶ ላይ ነው» የሚባለው ስለዚህ ነው። ቁጥሩ ቃል በቃል አይወሰድም፤ አቅጣጫው ግን ልክ ነው።

«ይህ በእርግጥ ነዳጅ ነው ወይ?» ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው የሌዘር ፍሎሮሴንሰር ነው። በተለመደው ዓይነት የሞገድ ርዝመቱ 308 ናኖ ሜትር የሆነ የሌዘር ብልጭታ ወደ ባሕሩ ይተኮሳል፤ በነዳጅ ውስጥ ያሉት አሮማቲክ ውህዶች ያን መጠው በሌላ ቀለም መልሰው ያበራሉ። ድፍድፍ ነዳጅ ከ400 እስከ 550 ናኖ ሜትር ባለው ክልል ያበራል፣ የአልጌ ክሎሮፊል በ685 ናኖ ሜትር ያበራል፣ ውሃው ራሱም ራማን የሚባለውን ምልክት በ344 ናኖ ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ አልጌና ነዳጅ አይምታቱም፤ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ነዳጅም በየመልካቸው ይለያሉ። በበረዶና በባሕር ዳርቻ ላይ ያለን ነዳጅ እንኳ የመለየት አቅም አለው። ነዳጁ ሲወፍር የውሃው ራማን ምልክት ስለሚደክም ከዚያ ላይ እስከ 10 ወይም 20 ማይክሮ ሜትር ድረስ ውፍረት ማስላት ይቻላል። ጉዳቱም አለ፦ ከባድና ውድ ነው፣ ዝቅ ብሎ መብረር ይፈልጋል፣ የሚያየውም በአውሮፕላኑ ሥር ያለችውን ጠባብ ሰቅ ብቻ ነው፣ ጭጋግም ያግደዋል።

ከ50 ማይክሮ ሜትር እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላለው ውፍረት የማይክሮዌቭ ራዲዮሜትር አለ። የባሕሩን ተፈጥሯዊ የማይክሮዌቭ ጨረር ያዳምጣል፤ በነዳጁ የላይኛውና የታችኛው ገጽ መካከል ጨረሩ ስለሚደራረብ ምልክቱ ውፍረት በጨመረ ቁጥር ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ ይላል። በዚህ የተነሣ አንድ ንባብ ለሁለትና ለሦስት ውፍረቶች ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በአንድ ጊዜ በተለያዩ ድግግሞሾች መለካት ነው፤ ለምሳሌ 18፣ 36 እና 89 ጊጋኸርዝ። ሦስቱም የሚስማሙበት ውፍረት ትክክለኛው ይሆናል።

ዓይን እና አምስቱ ኮዶች

ይህ ሁሉ መሣሪያ ባለበት ዘመን መጠኑ ዛሬም በአብዛኛው የሚሰላው በመስኮት በሚያይ በሠለጠነ ሰው ዓይን ነው። መለኪያው በቦን ስምምነት (የሰሜን ባሕር አገሮች የባሕር ብክለትን በጋራ ለመቋቋም ባደረጉት ስምምነት) ሥር የተዘጋጀው የነዳጅ መልክ ኮድ ነው። ስምምነቱ ራሱ በ1969 የተፈረመው ቶሪ ካንየን የተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በ1967 በእንግሊዝ ዳርቻ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ኮድ 1 ብርማ ወይም ግራጫ ነው፤ ከ0.04 እስከ 0.3 ማይክሮ ሜትር። ኮድ 2 ቀስተ ደመና ነው፤ ከ0.3 እስከ 5። ኮድ 3 ብረታማ ነው፤ ከ5 እስከ 50። ኮድ 4 የተቆራረጠ እውነተኛ ቀለም፤ ከ50 እስከ 200። ኮድ 5 ያልተቆራረጠ እውነተኛ ቀለም፤ ከ200 በላይ። እነዚህን በ1,000 ማብዛት በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሆነ ይሰጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የነዳጁን ቀለም አያሳዩም፤ ሽፋኑ ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ ነው የሚያሳዩት። ኮድ 3 በተለይ የሰማዩን ቀለም ይቀበላል፦ በጠራ ቀን ሰማያዊ፣ በደመና ቀን ግራጫ ይሆናል፤ ጀማሪ ተመልካችም ጥቁር ግራጫ ሲያይ «እውነተኛ ቀለም» ብሎ ይጽፍና መጠኑን በአሥር እጥፍ ያሳድጋል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት። በሩቁና በሰያፍ የታየ ነዳጅ ኮድ አይሰጠውም። ቀስተ ደመናውን ፎቶ አንሺ ሁሉ ይወደዋል፤ ለሚያጸዳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር የማይገባ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያ ርዝመቱና ወርዱ ይለካል። ጂፒኤስ ከጠፋ በሰዓት መለካት ይቻላል፤ በ120 ኖት (በሰዓት 120 የባሕር ማይል) የሚበር አውሮፕላን በደቂቃ 3.7 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ለማቋረጥ 90 ሰከንድ የፈጀበት ነገር 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 12 በ2 ኪሎ ሜትር የሆነ ክልል አለ እንበል፤ 24 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹ ንጹሕ ውሃ ከሆነ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከዚህ 60 በመቶው ኮድ 1፣ 30 በመቶው ኮድ 2፣ 8 በመቶው ኮድ 3፣ 2 በመቶው ኮድ 4 ይሁን።

በዝቅተኛው ገደብ ሲሰላ ኮድ 1 ከ7.2 ካሬ ኪሎ ሜትር 288 ሊትር ይሰጣል፤ ኮድ 2 ከ3.6 ካሬ ኪሎ ሜትር 1,080፤ ኮድ 3 ከ0.96 ካሬ ኪሎ ሜትር 4,800፤ ኮድ 4 ከ0.24 ካሬ ኪሎ ሜትር 12,000። ድምሩ 18,168 ሊትር ነው። በከፍተኛው ገደብ ደግሞ 116,160 ሊትር ይሆናል። ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ፤ ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይጻፋሉ። ለክስና ለስታቲስቲክስ ዝቅተኛው፣ ለጽዳት ዝግጅት ከፍተኛው ይወሰዳል።

ከስፋቱ 2 በመቶ ብቻ የሆነችው ኮድ 4 በዝቅተኛው ስሌት ከነዳጁ 66 በመቶውን ይዛለች። 60 በመቶውን የሸፈነው ኮድ 1 ግን 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ተመልካቹ 2 በመቶውን 4 በመቶ ብሎ ከገመተ በዝቅተኛው ስሌት ጠቅላላው ውጤት በሁለት ሦስተኛ ያህል ያድጋል፤ በኮድ 1 ላይ ቢሳሳት ማንም አያውቅበትም። ጊዜና የአውሮፕላኑ ነዳጅ ካጠረ ዝቅ ብሎ መመላለስ የሚገባው በወፍራሟ ቁራጭ ላይ ነው። ከላይ የተባለው ቡናማ ቅልቅል ግን በእነዚህ ኮዶች አይለካም፤ መኖሩና ስፋቱ ለብቻ ይጻፋል።

የት መፈለግ?

ትናንት የታየ ነዳጅ ዛሬ እዚያ አይገኝም። የተለመደው ግምት ነዳጁ ከውሃው ጉዞ ሙሉውን፣ ከነፋሱ ፍጥነት ደግሞ 3 በመቶውን ይወስዳል የሚል ነው። ነፋሱ 20 ኖት ከሆነ 0.6 ኖት ይገፋዋል፤ በ6 ሰዓት 3.6 የባሕር ማይል ይሆናል። የውሃው ጉዞ 0.5 ኖት ከሆነ 3 ማይል ይጨምራል። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ 6.6 ማይል፣ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ከሆኑ 4.7 ማይል ያህል ነው። ነፋስ በሜትሮሎጂ የሚጠራው በመጣበት አቅጣጫ፣ የውሃ ጉዞ ግን በሚሄድበት አቅጣጫ መሆኑን መርሳት አውሮፕላኑ በተቃራኒ ወገን እንዲፈልግ ያደርጋል፤ ይህ ስሕተት ከሚታሰበው በላይ ይደጋገማል።

ፍለጋው በመሰላል ቅርጽ ነው፤ ረጃጅሞቹ መስመሮች ነፋሱን ያቋርጣሉ። ነዳጅ በነፋሱ አቅጣጫ በረጃጅምና በቀጫጭን ሰንበሮች ስለሚሰለፍ፣ ከነፋሱ ጋር ጎን ለጎን የሚበር አውሮፕላን በሁለት ሰንበሮች መካከል ሳያያቸው ሊያልፍ ይችላል። የሚያቋርጥ አውሮፕላን ግን ሁሉንም ይረግጣቸዋል።

ሳተላይት ለዚህ ሥራ ጠቋሚ ነው። የአውሮፓ የባሕር ደኅንነት ኤጀንሲ ከ2007 ጀምሮ ክሊን ሲ ኔት በሚባለው አገልግሎቱ የራዳር ሳተላይት ምስሎችን ተንትኖ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ሳተላይቱ ግን ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል፣ ከላይ የተዘረዘሩት የራዳር ጉድለቶችም ሁሉ አሉበት፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሲደርስ አውሮፕላን ሄዶ ማረጋገጥ አለበት። ድሮን ሙቀት ካሜራ ይዞ ከጽዳት መርከብ ላይ ቢነሣ ጥሩ ነው፤ ከመርከብ ወለል ላይ የቆመ ሰው ወፍራሙን ከስሱ መለየት ስለማይችል 100 ሜትር ከፍታ እንኳ ብዙ ይለውጣል። ሰፊ ባሕር ለማሰስ ግን የባትሪው ዕድሜ አይበቃም።

ማስረጃ ከሆነ

ነዳጁን ጥሎ የሚሄድ መርከብ ከተገኘ ሥራው ይለወጣል። ማርፖል በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከሞተር ክፍል የሚወጣ ውሃ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) በላይ ነዳጅ መያዝ የለበትም፤ በዚያ መጠን የሚወጣ ውሃ ደግሞ በተለምዶ የሚታይ ዱካ አይተውም። ስለዚህ ከመርከቡ ኋላ የሚታይ ዱካ ራሱ ጥርጣሬ ነው። ፎቶው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ማሳየት አለበት፦ መርከቡን፣ ከኋላው የሚወጣውን ዱካ፣ ከፊቱ ያለውን ንጹሕ ውሃ። ሦስተኛው ከጎደለ መርከቡ «ሌላ ያፈሰሰው ላይ ነው የደረስኩት» ሊል ይችላል። ቀጥሎ ስሙና የአይኤምኦ ቁጥሩ (የመርከቡ ዓለም አቀፍ መለያ) በቅርብ ይነሣል፤ በቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 16 ተጠርቶም ከየት ወደየት እንደሚሄድና ምን እየለቀቀ እንደሆነ ይጠየቃል፤ መልሱ ይቀዳል።

መርከቡ ሄዶ ዱካው ብቻ ከቀረ ከኤአይኤስ (መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በራሳቸው ከሚያሰራጩበት ሥርዓት) መዝገብ ጋር ማመሳከር ይቀራል፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የራዳሩ ሰዓት፣ የካሜራው ሰዓትና የኤአይኤሱ ሰዓት ከመነሣት በፊት ከአንድ የጂፒኤስ ሰዓት ጋር መስተካከል አለባቸው፤ ሁሉም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) መሆን አለባቸው። በ15 ኖት የሚሄድ መርከብ በ4 ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ይርቃል። መርከቦች ተከታትለው በሚያልፉበት መስመር ላይ የካሜራው ሰዓት 4 ደቂቃ ከዘገየ ዱካው ከፊት ይሄድ በነበረው መርከብ ስም ይመዘገባል።